ከመናፈሻው አጥር ወዲያ

ሽሮው አርሮ ቤቱ በጭስ ታፈነ። ልጄ ብርቱካን ከምድጃው አጠገብ ቆማ ታማስላለች፤ ሽታው ግን አልደረሳትም። ኮሮና ትምህርት አዘግቶ ከቡሬ ካምፓስ ወደ ፍኖተ ሰላም ከተመለሰች ወራት አልፈው ነበር። የነሐሴ ዝናብ ነውና ጉንፋን ነው አልሁ።

ከዚያ ትኩሳት መጣ። ከዚያ ሳል። አንድ ጠዋት “እማ” ብላ ሳትጨርስ ትንፋሽ አጠራት።

ሆስፒታል ወሰድኋት። ጣቷ ላይ ትንሽ መሣሪያ አደረጉ። ሐኪሙ አየና “ኦክስጅኗ ወርዷል፤ ትተኛለች” አለ። ተከትያት ልገባ ስል “እናት፣ እርስዎ መግባት አይችሉም” አለኝ። በሩ ተዘጋ።

ከሆስፒታሉ አጥር ሥር ቆምሁ። ምግብ በነርስ እጅ ላክሁ። ሳይነካ ተመለሰ። ጸለይሁ። ልተነፍስላት አልችልም።

አልሞተችም። እግዚአብሔር ይመስገን።

መስከረም ሲጠባ ይዣት ወጣሁ። ሐኪሙ “ሳንባዋ ገና ደካማ ነው። ሰው በማይበዛበት፣ ነፋሻ በሆነ ቦታ በዝግታ ትራመድ። ሲደክማት ትቁም፤ አያስቸኩሏት” አለኝ። በእኛ ከተማ ሰው ሳይስም አያልፍም፤ ታሞ ለተነሣማ ሰፈሩ ሁሉ ይወጣል። በመጨረሻ ያገኘነው የከተማውን መናፈሻ ነው። ሠርገኛ ፎቶ የሚነሣበት ነበር፤ በወረርሽኙ ሠርግ ቀርቶ ሣሩ መሄጃውን ውጦታል፤ በሣሩ መካከል አደይ አበባ ፈክቷል።

ከመናፈሻው በር ተነሥታ ውስጥ ያለው ትልቅ ዋርካ ዘንድ እስክትደርስ ደጋግማ ቆመች። ክንዷን ልይዝ ስል “ተይኝ እማ” አለችኝ። ጋቢዋን ይዤ ከኋላዋ ከመሄድ በቀር የምሠራው አጣሁ።

አንድ ቀን ጎረቤታችን እማማ ጥሩወርቅ ከመናፈሻው የሽቦ አጥር ወዲያ ብቅ አሉ። የታመመ ሳይጠይቁ የማያድሩ ሴት ናቸው።

“እማማ፣ እባክዎ እንዳይገቡ! ለእርስዎም ብዬ ነው” አልሁና አፍሬ አንገቴን ደፋሁ።

“ማን ይገባል? መንገዱ የመንግሥት ነው፤ እኔም ከወዲህ በኩል እሄዳለሁ” አሉ።

ብርቱካን ስትራመድ ከአጥሩ ወዲያ ተራመዱ። ስትቆም ቆሙ።

“እሰይ፣ ቆምሽልኝ! አንቺ ልጅ፣ ፖሊስ ነው የሚያባርርሽ? ጉልበቴን ጨረስሽው እኮ!”

ብርቱካን ሳቀች። ሳቁ ሳል ሆነ። ጎንበስ ብላ ሳለች። እማማ ሽቦውን ጨበጡ። እስኪያልፍላት ከመጠበቅ ሌላ ምንም አልነበረንም።

ሳሉ ሲተዋት “እማማ፣ እንሂድ?” አለች።

“ምሪኝ” አሉ።

አደዩ እስኪረግፍ ድረስ እማማ በየጠዋቱ እየመጡ፣ እኛ ከወዲህ እሳቸው ከወዲያ፣ የሰፈሩን ወሬ በአጥሩ ላይ እየወረወሩልን፣ ልጄ ዋርካውን አልፋ የመናፈሻውን ዳር መንካት ቻለች። ዛሬም ዳገት ላይ ትቆማለች። አብሬያት እቆማለሁ።

የታመመ ልጅ ላላችሁ እናቶች ምክሬ አጭር ነው። ጸሎቱም ጸበሉም አይቅር፤ ትንፋሽ ሲያጥር ግን ሐኪም ቤት ለመሄድ አትዘግዩ። የዳነውን አታስቸኩሉ። መግባት ብትከለከሉም ከአጥሩ አትራቁ። እኔ ሆስፒታሉ አጥር ሥር በከንቱ የቆምሁ ይመስለኝ ነበር። ይህንኑ ለብርቱካን ነገርኋት።

“ከአልጋዬ በመስኮቱ ነጠላሽ ይታየኝ ነበር” አለችኝ።

ተመስገን።