ያልተጠመቀ አይቆጠርም

ባለፈው ወር አዳማ ውስጥ አንድ ትልቅ ሆቴል ስብሰባ ተጠርቼ ሄድኩ። አዳማ ዛሬ የስብሰባ ከተማ ናት። ድሮ ናዝሬት ስንላት በጋሪዋና በፓፓያዋ ነበር የምናውቃት፤ አሁን በየመንገዱ አዳራሽ ነው። በር ላይ ቦርሳና እስክሪብቶ ሰጡኝ፣ «ጡረተኛ ባለሙያ» የሚል ባጅ አንገቴ ላይ አንጠለጠሉልኝ። መድረኩ ላይ ሱፍ የለበሰ አንድ ወጣት በትልቅ ስክሪን አንድ መስመር አሳየን። የሕፃናት ሞት ነው አለ። መስመሩ ከግራ ይነሳና እያዘገመ ወደ ታች ይወርዳል፤ በስተቀኝ ጫፍ ደግሞ ዓለም ሁሉ ተስማምቶበታል የተባለው ግብ አለ። ሰዉ አጨበጨበ።

እኔ ግን ዓይኔ የተተከለው መስመሩ የሚነሳበት ላይ ነበር። የደርግ ዘመን ነው። አጠገቤ የተቀመጠችውን ባለሙያ «ይህን መነሻ ከየት አመጣችሁት?» ብላት፣ «ከድሮ ሪፖርቶች ይሆናላ፣ እማማ» አለችኝና ወደ ስልኳ ተመለሰች። ደሜ ፈላ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱ ከአርባ ዓመት በላይ የያዘውን ይዞ እዚህ ድረስ መጥቷል። እንዴት እንደተጻፈ ደግሞ አውቃለሁ፤ ከጻፉት አንዷ እኔ ነኝ።

የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጤና ረዳትነት ተምሬ እንደጨረስኩ የተመደብኩት ከመልካሳ ወረድ ብሎ፣ አዋሽ ዳር ባለች አንዲት የገበሬ መንደር ነው። ስሟን ልተወው። ክሊኒኳ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ናት፤ ከቀትር በኋላ ሙቀቷ ራስ ያዞራል። ቅዳሜ ከሰዓት አስፋልቱ ዳር ወጥቼ ከአሰላ የሚመጣ የጭነት መኪና እለምንና ናዝሬት ወላጆቼ ቤት እገባለሁ፤ ሰኞ ጧት ሥራዬ ላይ ነኝ። ከአስፋልቱ እስከ መንደሩ ያለው የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ከግራር በቀር ጥላ የለውም። በበጋ ነፋሱ አቧራውን እያሽከረከረ ሜዳውን ሲያቋርጥ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ቆሜ አሳልፈዋለሁ። ልጅነት ነው፣ ያም ደስ ይለኝ ነበር።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፣ ጴንጤ። የሚያመልክበት ቤት ታሽጎ፣ እሱና ወንድሞች በየቤቱ ድምፃቸውን ቀንሰው የሚጸልዩበት ጊዜ ነበር። እኛ ቤት ሕፃን በአርባ ቀኑ ክርስትና አይነሳም። ይህን የማነሳው በከንቱ አይደለም፤ አለማወቄ የመጣው ከዚያ ነው።

በዚያ ሰሞን በየቢሮው ግድግዳ «ጤና ለሁሉም» የሚል ተለጥፎ ነበር። መንግሥታት ተሰብስበው፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ዓመት የሰው ልጅ ሁሉ ጤና ያገኛል ብለው ቃል ገብተዋል ተባልን። ከልቤ አመንኩ። ዛሬም ቢሆን ቃሉ ክፉ ነበር አልልም። ክፉዎቹ ቃሉን በወረቀት ላይ ብቻ ሊፈጽሙት የተነሱት ናቸው።

ግንቦት ላይ ከአውራጃው ቅጽ መጣ። በየቤቱ እየዞርሽ በዓመቱ ስንት ሕፃን እንደተወለደ፣ ስንት እንደሞተ ጻፊ ይላል። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው የሞተ ሁለት ብሎ ሞልቷል። እኔም ሳምንት ሙሉ በፀሐይ ዞሬ ሁለት አገኘሁ። ደስ አለኝ፣ አይገርምም?

ይህን ደስታዬን ይዤ አደ ጫልቱ ዘንድ ሄድኩ። የመንደሩ አዋላጅ ናቸው። መንደሩ በሙሉ፣ አማራውም ኦሮሞውም፣ በኦሮምኛው አክብሮት «አደ» ነው የሚላቸው። በቅቤ የራሰ ጭኮ በሳህን አቀረቡልኝና ወሬዬን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በዚህ እጄ ብቻ ዘንድሮ የቀበርኳቸው ከሁለት ይበልጣሉ» አሉ።

«ታዲያ እናቶቹ ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብለሽ ጠየቅሻቸው?»

«ስንት ልጅ ሞተባችሁ ብዬ።»

እስኪያስላቸው ሳቁብኝ። «አንቺ የጴንጤ ልጅ! ያልተጠመቀ፣ ስም ያልወጣለት፣ ልቅሶ ያልተቀመጡለት፣ ምኑን ሞተብን ይበሉሽ? መጣ፣ ተመለሰ ነው የሚሉት። ይልቅ ስንት ጊዜ አራስ ሆንሽ በያት። ቀጥለሽ ስንት ክርስትና ደገስሽ በያት። ቀሪውን ራስሽ ትደርሺበታለሽ።»

እንደገና ዞርኩ። የመጀመሪያዋ ቤት የየሺ ነበረች። የሺ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ፣ ሳቂታ፣ እጇ ሥራ የማይፈታ ሴት ናት፤ ወንድና ሴት ልጅ አላት፣ ያን ጊዜ ደግሞ የአራት ወር ነፍሰ ጡር። በፊት ስጠይቃት «እግዜር ይመስገን፣ አንድም አልሞተብኝም» ብላኝ ነበር። አሁን ስንት ጊዜ አራስ ሆንሽ አልኳት።

«አምስቴ።»

«ክርስትናስ?»

«ሁለት።» ያን ጊዜ እጇ ሥራ ፈታ። ቀጥላ፣ «ሦስቱ ሳምንት አልሞላቸውም። ጡት መያዝ ያቅታቸዋል፣ አፋቸው ይገጥማል፣ ይደርቃሉ። አንዱም ያለፈው ዓመት ነው» አለችኝ። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ግን አላለቀሰችም፤ ላልተለቀሰላቸው ማልቀስ ያፈረች ይመስለኛል።

መንጋጋ ቆልፍ ነው። እትብቱ ባልጸዳ ነገር ሲቆረጥ የሚገባ በሽታ። ለእናትየው በእርግዝናዋ ሁለት መርፌ ቢሰጣት ልጁ ይተርፋል። ሁለት መርፌ! የሺን ትከሻዋን ይዤ፣ «ይሄኛው አይሞትም። መርፌውን አስመጣልሻለሁ» አልኳት። በሕይወቴ ከዚያ በፊት ለማንም እንዲህ ያለ ቃል ሰጥቼ አላውቅም። «እውነትሽን ነው?» አለችኝ። «እውነቴን ነው» አልኳት።

ዙሩን ስጨርስ የዓመቱ ሙታን አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። ቅጹን ይዤ ናዝሬት፣ የአውራጃው ጤና ኃላፊ ቢሮ ገባሁ። ስሙን አልጠራውም፣ ልጆቹ አሉ። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል እየተቃረበ ስለነበር ቢሮው በሰሌዳና በሠንጠረዥ ተሞልቷል።

«ጓዲት፣ እነዚህ አሥራ ዘጠኝ ከየት መጡ?» አለኝ።

«ከእናቶቻቸው።»

«አምና ሁለት፣ ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ? በአብዮቱ ዘመን ሞት ጨመረ ልትይን ነው?»

«አልጨመረም፣ ጓድ። ድሮም ነበረ። አጠያየቃችን ነው የተሳሳተው።» የአራስነቱንና የክርስትናውን ነገር አስረዳሁት። ደግሞኮ ገባው! ያልገባው ቢሆን ይቅር እለው ነበር። ራሱም አርባ ቀን ሲሞላው የተጠመቀ የሸዋ ሰው ነው፤ አንድ ጊዜ ስነግረው ገባው።

«ያልተመዘገበ አልተወለደም። ያልተወለደ ደግሞ አይሞትም» አለኝ። አዲስ ቅጽ አወጣና በራሱ እስክሪብቶ ሁለት ብሎ ጻፈ። ወደኔ ገፋልኝ። «የአባትሽ የልብስ ስፌት እንዴት ነው? ማታ ማታ እንግዳ ይበዛባቸዋል አሉ» ሲል ድምፁን እንኳ አልቀየረም።

ፈረምኩ።

እናቴ በዚያ ቅዳሜ «ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ። ደግ አደረግሽ» አለችኝ። አባቴ ግን ነገሩን ሲሰማ መቀሱን አስቀምጦ ወጣ፣ እስኪመሽም አልተመለሰ። ከሁለቱ የማን ልጅ እንደሆንኩ ያን ቀን አወቅሁ።

ሰኔ ላይ የመርፌው ድልድል መጣ። መድኃኒቱ ጥቂት ስለሆነ ሞት ለበዛባቸው መንደሮች ቅድሚያ ይሰጣል ይላል። የእኛ መንደር ስም የለበትም። ሁለት ሞት ብቻ ያለበት፣ ዕቅዱን ያሳካ መንደር መርፌ ምን ያደርግለታል? ናዝሬት ድረስ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ። በሁለተኛው ኃላፊው በጸሐፊው በኩል «የፈረመችውን ታንብብ» ብሎ ላከብኝ። የሺ በመንገድ ባገኘችኝ ቁጥር «መጣልኝ?» ትለኛለች። «ይመጣል» እላታለሁ። አይመጣም ለማለት ድፍረት አጣሁ። ሌላ አገር ሄደሽ ተወጊ ብላት እንኳ ምን ነበረበት? ስንቱን ሌሊት አሰብኩት፣ ያኔ ግን አላሰብኩትም።

እንዲያውም ሽልማት መጣ። መስከረም ላይ «የሕፃናት ሞትን የቀነሰ አርአያ መንደር» የሚል ጨርቅ ክሊኒኬ በር ላይ ተሰቀለና በሁለት ላንድሮቨር እንግዶች መጡ፣ ሁለት ፈረንጆችም አብረዋቸው። ልጆቹ ፊታቸውን ታጥበው ተሰለፉ። አንደኛው ፈረንጅ በአስተርጓሚ «እንዴት አሳካችሁት?» አለኝ። ኃላፊው ቀድሞ መለሰልኝ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው፣ እኔንም ጭነው፣ ሶደሬ ወረዱ። እነሱ ፍል ውሃው ውስጥ ሲዋኙ እኔ ጥላ ሥር ተቀምጬ የቀረበልኝን ጥብስ በላሁ። ጣፍጦኝ ነው የበላሁት፤ ይህንንም ልናገር።

ጥቅምት የቦሎቄ አጨዳ ነው። የሺ ማሳ ላይ ብቻዋን ምጥ ያዛት። አደ ጫልቱ ተጠርተው እስኪደርሱ ልጁ ወጥቷል፣ እትብቱንም በያዘችው ማጭድ ቆርጣዋለች። እኔ የሰማሁት በማግስቱ ነው። ሄጄ እትብቱን ጠረግሁ፣ ቀባሁ፣ በየቀኑ እየሄድኩ አየሁት። ወንድ፣ ድብልብል ያለ፣ ጸጉሩ ግንባሩ ድረስ የወረደ ልጅ ነበር። እስከ አምስተኛው ቀን ጡት በደንብ ጠባ። ለእኔም የአራስ ገንፎ እየሰጡኝ አብሬ መሳቅ ጀመርኩ።

በስድስተኛው ቀን ጡቱን ለቀቀ። ጣቴን አፉ ውስጥ ለማስገባት ሞከርኩ፣ ድዱ ገጥሟል። በሩ ገጭ ሲል ሰውነቱ በሙሉ ይደርቃል፣ ጭብጡን ይጨብጣል። በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ የሺ አዝላው፣ ባሏ ፊት ፊት እየሄደ፣ ወደ አስፋልቱ ወጣን። ናዝሬት ሆስፒታል ልናደርሰው ነው። መኪና እስኪመጣ መንገድ ዳር ቆምን። አንድ የጭነት መኪና አለፈን፣ ሌላም አለፈን። ሦስተኛው ሲቆም የሺ ልትሳፈር አልተነቃነቀችም። «ይሂድ በይው» አለችኝ። ጀርባዋ ላይ አልቆ ነበር። ስምንት ቀን ሞልቶት ሳይገረዝ።

በዚያው ቀን ከቤቱ ጓሮ ቀበሩት። ድንኳን የለ፣ ልቅሶ የለ። በማግስቱ የሺ ማሳ ላይ ነበረች።

ዓመቱ ዞሮ ያ ቅጽ እንደገና መጣ። የሺ ቤት መግባት ሞት ሆነብኝ፤ የመጨረሻዋ አደረግኋት። ቦሎቄ እየለቀመች ነበር፣ ቀና ብላ አየችኝ።

«ልትጠይቂኝ ነው?»

«ታዝዤ ነው፣ የሺ።»

«የሞተ የለም ብለሽ ጻፊ።»

«እንዴት ብዬ? እኔ እያየሁት!»

«አምና እውነቱን ነገርኩሽ። ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኩሽ። ምን አደረግሽበት?» አለችኝ። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «አሁን የለም በይ። እናንተ እንደምትወዱት።»

ደጇ ላይ ቁጭ ብዬ፣ እሷ እያየችኝ፣ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። በቀጣዩ ዓመት ዝውውር ጠየቅሁ፣ አርሲ ነገሌ ሄድኩ። የተገላገልኩ መስሎኝ!

እንግዲህ በሆቴሉ አዳራሽ የተጨበጨበለት መስመር ከዚህ ዓይነት ወረቀት የሚነሳ ነው። አስተያየት ያለው ሲባል እጄን አወጣሁና፣ «እናቶቹን ምን ብላችሁ ነው የምትጠይቋቸው? ጥያቄያችሁን አሳዩኝ» አልኩ። ወጣቱ ፈገግ አለ። «በጣም እናመሰግናለን፣ እናታችን። እንደ አስተያየት እንወስደዋለን» ብሎ ለሻይ ለቀቀን።

ዛሬ ብዙ ልጅ እንደሚተርፍ አውቃለሁ፣ ዓይን አለኝ። የገዛ ልጆቼም የልጅ ልጆቼም በዚያ መርፌ ያደጉ ናቸው። ንዴቴ በመርፌው አይደለም። መርፌው እያለ፣ ሙታኑ ስላልተጻፉ ብቻ ለየሺ አልደረሳትም። ያን ኃላፊ ስረግመው ዓመታት ኖርኩ፣ እርግማኑም ይገባዋል። ግን የሁለተኛውን ዓመት ቅጽ እሱ አልጻፈውም። ማንም አላስፈራራኝም፣ የአባቴንም ስም ማንም አላነሳብኝ። የጻፈው ይኸው የኔ እጅ ነው።

ወንድ ልጅ ነበር። ሰባት ቀን ኖሯል። ይኸው ጻፍኩት።