ለሰርግ ቪዲዮ የሚሆን ሰርቨር

ደሴ ያሉ የኮምፒውተር ሻጮች አንድ እምነት አላቸው፤ ማሽን የሚመረጠው በመብራቱ ነው። የቤት ማከማቻ ሰርቨር የሚሆን ዕቃ ስጠይቅ የመጀመሪያው ሻጭ ጎኑ መስታወት የሆነ ኬዝ አወጣና ሰካው። ማራገቢያዎቹ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ እየሆኑ መዞር ጀመሩ።

«ሰርቨር ማለት ይኼ ነው፣ ወንድሜ» አለኝ።

«ልጨፍርበት አይደለም፤ ፋይል ላስቀምጥበት ነው።»

«ታዲያ ፋይሉ በጨለማ ይቀመጥ?»

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ሐይቅ ላይ የሚጠብቁኝ አንድ እናት ነበሩ።

ታላቅ እህቴ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ፎቶ ቤት ነበራት። ኒካሁንም ተክሊሉንም የምትቀርጸው እሷ ነበረች። ጦርነቱ ሲመጣ ካሜራዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ሃርድ ዲስኮቹን ከበሶው ጋር በአንድ ከረጢት ጨምራ ወጣች። ስንመለስ ኮምፒውተሮቹ ተወስደዋል። ዲስኮቹ ተርፈዋል፤ መትረፍ ከተባለ። በሶና ሃርድ ዲስክ አብረው እንደማይጓዙ ለማንም ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም ነበር።

ከዚያ ጎረቤታችን መጡ። የመጨረሻ ልጃቸውን በጦርነቱ ያጡ እናት ናቸው።

«ፎቶውማ አለኝ» አሉ። «የጠፋብኝ ድምፁ ነው። በሕልሜ እንኳ ሲመጣ አይናገርም። ሰርጉን የቀረጽሽው አንቺ አይደለሽ?»

እህቴ በጊዜው ቪዲዮውን በፍላሽ ሰጥታቸው ነበር። ፍላሹስ? አማቾቹ ጋ ነው። አማቾቹ ለአክስቱ ሰጥተዋል። አክስቱ ውጫሌ ላሉት ዘመዶች ልካለች። የውጫሌዎቹ ደግሞ «መልሰናል» ይላሉ፤ ለማን እንደመለሱ ግን አያውቁም። በአገራችን የሰርግ ፊልም እንደ ድግስ ድስት ነው፤ ቤት ለቤት ይዞራል፣ ሁሉም ያየዋል፣ ሁሉም ሌላው ጋ አለ ብሎ ይተኛል። አንድ ፍላሽ አሥር ቤት ስለዞረ አሥር ቅጂ እንደማይሆን ለተማሪዎቼ ሳስተምር ይገባቸዋል። ወላጆቻቸውን ማን ያስተምር!

የቀረው የእህቴ ዲስክ ነው። ሲሰካ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ይህ ማለት የሚያነበው ክፍል ቦታውን እየሳተ ነው፤ ምናልባት አንድ ጊዜ ያስነብበናል፣ ምናልባት ያም አይቻልም። ስለዚህ ሥርዓቱ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ የሚገለበጥበት ቦታ ይዘጋጃል፣ ከዚያ ዲስኩ ይሰካል። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው ብዬ ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፍኩት።

ትምህርት ቤታችን ውስጥ ሥልጠና ወስዶ የተመለሰ አንድ ባልደረባ አለ። ከተመለሰ ጀምሮ ለማንኛውም ችግር መልስ አለው።

«ምን አደከመህ ቲቸር? ኢንተርኔት ላይ፣ ክላውድ ላይ ጫነው።»

«በየትኛው ኔትወርክ?»

«ሲመጣ ነዋ!»

ኔትወርክ ሲመጣ መብራት ይሄዳል፤ መብራት ሲመጣ ኔትወርኩ ሄዷል። ሁለቱ አብረው የተገኙት እሱ የሠለጠነበት አዳራሽ ውስጥ ብቻ ነው። በዚህም አላበቃም፤ «ያለቀለትን ቪዲዮ ብቻ አስቀር፣ ጥሬው ቦታ መጨረስ ነው» አለኝ። ያለቀለት የሚባለውን አይቶት አያውቅም። እህቴ ስታቀናብር ምስሉን በልብና በጽጌረዳ ትሸፍናለች፣ ድምፁን ሁሉ አጥፍታ ከላይ እስከ ታች ዘፈን ትጭንበታለች። ፍላሹ ቢገኝም እንኳ የልጁ ድምፅ ያለው ጥሬው ላይ ብቻ ነው። ጥሬው ደግሞ ትልቅ ነውና ሰፊ ዲስክ ያስፈልገኛል።

ወደ ደሴ ልመለስ። ሁለተኛው ሻጭ ሰፊ ዲስክ አወጣ። የተለጠፈበት ወረቀት ያብረቀርቃል፤ ብሎኖቹ ግን ተቧጭረዋል። ሃርድ ዲስክ ምን ያህል እንደሠራ ራሱ ይመዘግባል። ላፕቶፔ ላይ ሰክቼ አነበብኩት፤ ለዓመታት ሌት ተቀን ሲሠራ የኖረ ነው፤ ምናልባት በሆነ ሕንፃ የጥበቃ ካሜራ መቅጃ ውስጥ።

«ወላሂ አዲስ ነው! ትናንት ነው የመጣው።»

«መምጣቱን መች ካድኩ?»

በመጨረሻ የገዛሁት አንድ መሥሪያ ቤት የጣለውን ግራጫ ኮምፒውተር ነው። መብራት የለውም፣ ድምፅ የለውም፣ ኤሌክትሪክ ብዙ አይበላም፣ ሁለት ዲስክ ግን ይይዛል። ዲስኮቹን ከተለያየ ሱቅ ገዛሁ፤ አብረው የተመረቱ አብረው ሊበላሹ ይችላሉና። መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው ዩፒኤስም ጨመርኩ። ሻጩ ኮምፒውተሩን ሲያስረክበኝ ለዘመድ ሐዘን የሚገባውን ያህል ራሱን ነቀነቀ።

እህቴ ደግሞ ቤት ጠበቀችኝ።

«ሁለት ዲስክ ገዝተህ የአንዱን ቦታ ብቻ ነው የምንጠቀመው?»

«እታለም፣ የተጻፈው ሁሉ ሁለቱም ላይ ይጻፋል። አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ።»

«የመምህር ደሞዝ እንዲህ ያንቀባርራል ለካ!»

ይህን ያለችው ዲስክ ከበሶ ጋር ያሸገች ሴት ናት።

ቁምሳጥኑን ከፍቼ ዲስኩን ሰካሁት። ጠቅ አለ፣ ቆመ፣ እንደገና ተነሣ። የመገልበጫው ፕሮግራም የተጎዳውን እየዘለለ የቀረውን ገለበጠ። መሐል ላይ መብራት ጠፋ፤ ዩፒኤሱ ጮኸ እንጂ ማሽኑ አልቆመም። ግልበጣው ሲያልቅ ዲስኩን ነቅዬ መልሼ ብሰካው አልተነሣም።

እናትየው ተጠሩ። ነጠላቸውን ሰብስበው ስክሪኑ ፊት ተቀመጡ። እህቴ ካሜራ ማጥፋት ስለማትወድ መጀመሪያ የታየው የዳሱ ወለል፣ የእንግዶች ጫማና የአንድ ፍየል ጀርባ ነው። ረጅም ጊዜ ፍየል አየን። ከዚያ ካሜራው ቀና አለ፣ ልጁ አፉ ሞልቶ ታየ፣ እጁን ወደ እኛ ዘርግቶ ተቆጣ።

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ ይብቃሽ! ጉርሻው እስኪወርድልኝ ታገሺኝ እንጂ!»

«ያ ረቢ» አሉ እናቱ። «እሱ ነው። ድሮም ሲበላ ሰው ሲያየው አይወድ።»

እዚያው ላይ ምስሉ ተቆራረጠ፤ ፊቱ አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ሆነ። ድምፁ ግን ቀጠለ፤ ከሚዜው ጋር በወጥ ይጨቃጨቃል። ላስተካክል ተንደርድሬ ማውሱን ስይዝ እጄን ያዙኝ።

«ተወው፣ አብሽር። ምስሉ ይሂድ።»

ጆሯቸውን ወደ ስፒከሩ አስጠጉ። እስኪጨርስ አዳመጡት። ከዚያ ዞረው እህቴ ላይ አፈጠጡ።

«አንቺስ፣ ምነው ልጄን አላስበላ አልሽው?»

«አጥፍቻለሁ፣ እማማ» አለች።