ግድግዳ የምትገፋው መምህርት

ዳባት ሒሳብ በማስተምርበት ዘመን ክፍሉን የሚያስተምረው ፕላዝማው ነበር፤ እኔ የምፈለገው መብራት ሲጠፋ ነው። መብራቱ ደግሞ ይጠፋል።

ክረምት ላይ ከሚኒባስ ስወርድ ጭቃው አዳልጦኝ ቀኝ እጄ ተሰበረ። ጄሶው ሲፈታ ክንዴ የሌላ ሰው መሰለኝ፤ ቀጥኗል፣ ከትከሻዬም በላይ አይነሳም። ትምህርት ሲከፈት ከሰሌዳው ታችኛው ግማሽ ላይ ብቻ እጽፍ ጀመር። የኋላ ወንበር ተማሪዎች ለማየት ይቆማሉ። ማንም አልሳቀም፤ እሱ ነው ያሳፈረኝ።

ጎንደር ያከመኝ ሐኪም «ግድግዳ ግፊ» አለኝ። በሁለት እጅ ተደግፎ ደረትን ማስጠጋት፣ ከዚያ ገፍቶ መመለስ። ሲለመድ መደብ ላይ፣ በመጨረሻ መሬት ላይ። እኔ መድኃኒት የሚያዝልኝ መስሎኝ ነበር።

የተከራየሁት ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት ሴት ግቢ ነው። እትዬ እላቸዋለሁ። አንድ ጠዋት ስገፋ ደረሱ።

«ምን አደረገሽ?»

«ማን?»

«ግድግዳው።»

«ስፖርት ነው እትዬ፤ ክንዴ እንዲጠነክር።»

«የጭቃ ቤት ነው ልጄ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሲሠራው ሰው ይገፋዋል ብሎ አላሰበም።»

ወደ መደቡ ቶሎ የተዛወርኩት በእሳቸው ምክንያት ነው። ከገና በኋላ መሬት ወረድኩ። መውረዱን ቻልኩት። አንድ እሁድ ክንዴ ከድቶኝ በደረቴ ተዘርግቼ ሳለ የነፍስ አባታቸው ገቡ።

«ከወደቀች ቆየች?» አሉ።

«አልወደቀችም አባ፤ ራሷ ናት የተኛችው» አሉ እትዬ።

«ታዲያ ለምን አትነሳም?»

«እሱን እየተማረች ነው።»

አባ ትንሽ አሰቡ። «እግዚአብሔር ያንሳሽ» ብለው በመስቀላቸው ባረኩኝና ወደ ምሳቸው ሄዱ።

ጉልበቴን መሬት አስነክቼ መግፋት ጀመርኩ፤ ጾሙ ሳይጋመስ ጉልበቴንም አነሳሁት። መብራት በጠፋ ቀን ከሰሌዳው ጫፍ ጀምሬ ጻፍኩ። የኋላ ወንበሮቹ ልማድ ሆኖባቸው ቆመው ነበር፤ ቀስ በቀስ ተቀመጡ። ወደ ሰሌዳው ዞሬ ብቻዬን ፈገግ አልኩ።

በፋሲካ ሰሞን እትዬ አጎዛቸውን ይዘው መጡ። «ትከሻዬን ይቆረጥመኛል» አሉና ከጎኔ አነጠፉት። በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ወረዱ። ተነሱም። እኔ ወራት የፈጀብኝን እሳቸው በዚያው ጠዋት መቻላቸውን አላነሳሁባቸውም።

ወሬው ሰፈሩን ሲያዳርስ ጎረቤት ሴቶች መቀመጫ ዱካቸውን እየያዙ መጥተው ተደርድረው ተቀመጡ። ስንወርድ ስንነሳ አዩን። በመጨረሻ አንዷ ጫማዋን አወለቀችና «እኔስ የት ልተኛ?» አለች።