የሰባት ቁጥሩ ሙት

ቴፒ ወንዙ ዳር ያለውን አሮጌ ሆቴል ማን ሠራው ብትሉ ሁሉም ሰው ሙሴ ኮስታ ይላችኋል፤ ግሪኩ ቡና ነጋዴ፣ በጃንሆይ ጊዜ። ሰባት ቁጥር ክፍል ያለውን ሙት ማን ሠራው ብትሉ ግን ከአንዲት ሴት በቀር የሚያውቅ የለም። እኔ ነኝ። ተካ፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ። ሦስት ኤንትሬ ነድቼ ያስረጀሁ፣ ከሚዛን እስከ ጅማ ያለውን ጉድጓድ ሁሉ በቃሌ የማውቅ ሰው ነኝ። ፊርማዬ አውራ ጣቴ ነው፤ ምን ይደረግ፣ ጉድጓድ ፊደል አያስተምርም።

ለማውራት የፈለግሁት ግን ስለ ወለላ ነው። ወለላ የሸኮ ልጅ ናት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ አንሶላ አጣቢ ሆና ሆቴሉ ገባች፤ አሁን ፀጉሯ ሸብቷል፣ ያው አንሶላ ታጥባለች። አማርኛዋ ውስጥ "አንቱ" የሚባል ነገር የለም። አንዴ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ጭቃ ይዞ ሲገባ "አንተ፣ እግርህን ጥረግ!" አለችው። ጠረገ። ደግሞ አትዋሽም። ጴንጤ ስለሆነች እንዳትሉኝ፣ ጌታን ሳትቀበልም አትዋሽም ነበር። ለእኔ ዓይነት ሰው ከእንዲህ ያለች ሴት ጋር መቀመጥ መከራ ነው።

ሙቱ እንዲህ ተወለደ። አንድ ጠዋት በረንዳው ላይ ፉል እየበላሁ (የድሮው ፉል ነው ታዲያ፣ የዛሬው ውሃ ነው፣ ተዉት) ከወንዙ ወጥቶ በረንዳውን አቋርጦ ሰባት ቁጥር የገባ የእርጥብ እግር ዱካ አየሁ። የወለላ እግር ነው። አጥባ ስትመለስ በባዶ እግሯ አንሶላ ልታነጥፍ ገብታለች። ይኼን እያወቅሁ፣ አጠገቤ ለተቀመጡ ሁለት የሚዛን ነጋዴዎች "ሙሴ ኮስታ ዛሬም ከወንዙ ወጣ" አልኳቸው። ለምን? ዝም ብለው ይበላሉ! ሰው ዝም ሲል አልወድም።

በሳምንቱ ቱም ከተማ ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ሙቱ ኮፍያ አድርጓል። እኔ ኮፍያ አልሰጠሁትም! አማን ከተማ ስመጣ ሲጋራ ያጨሳል፣ ያስለዋል። ሰውዬው እኮ የሞተው ጅማ፣ አልጋው ላይ፣ በስኳር በሽታ ነው። በሕይወቱ እግሩን ወንዝ ነክሮ አያውቅም፤ አልቅት ይፈራ ነበር። ቢሆንም ሰባት ቁጥር የሚያድር ሰው ጠፋ። የድሮው ባለቤት ቢቸግረው ወለላን "በቃ፣ አንቺ ግቢበት" አላት። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነ። ልጇን ትሕትናን እዚያ አሳደገች፤ ዛሬ ልጅቷ እዚሁ ካምፓስ ትማራለች። ታዲያ ለወለላ ቤት የሰጣት ማን ነው? ቀበሌ ነው? እኔ ነኝ።

አምና ሆቴሉ ተሸጠ። ገዢው አቶ ገሠሠ ደህና ሰው ነው፤ ብቻ ያገኘውን ሁሉ ካላስተካከልኩ ይላል። "ወንዙን የሚያይ ክፍል እንዴት ከእንግዳ ይከለከላል? ሙቱን አስወጣዋለሁ" አለ። ሙቱ ወጣ ማለት ወለላ ወጣች ማለት ነው። ሌላ መግቢያ የላትም።

"ተካ፣" አለችኝ፣ "ያስገባኸው አንተ ነህ። እንዳይወጣ አድርግ።"

"ለኔ ተዪው" አልኳት። ምን እንደማደርግ ግን እንጃ።

ገሠሠ ለቅዳሜ ጠዋት ጠበል የሚረጩ ቄስ ጠራ። ሚስቱ ሩሐማ የዚሁ የቴፒ ልጅ ናት፣ ጴንጤ። ለሱ ሳትነግረው እሷም ለዚያው ቅዳሜ ጠዋት ፓስተር አልአዛርን ጠራች። ሁለቱ ሰባት ቁጥር በር ላይ ተፋጠጡ። ባልና ሚስት ባንድ አልጋ ይተኛሉ፣ ሙት ለማስወጣት ግን አይመካከሩም!

ቄሱ በሩን ገርበብ ሲያደርጉ አፍንጫቸውን ያዙ። "ይኸው ሽታው! ያቃጥላል!"

"ዲን ነው" አለ ፓስተሩ። የተስማሙት እዚህ ላይ ብቻ ነው።

"የቡና ቅጠል ነው" አለች ወለላ ከውስጥ። "በዝንጅብልና በሚጥሚጣ ቀቅዬው ነው። ትጠጣላችሁ?"

ጠጡ። ከዚያ ጠበሉም ጸሎቱም ባንድ ላይ ወረደ። በመሃል ጣሪያው ቆርቆሮ ላይ አንድ ነገር ኳ! ብሎ ዘሎ ሄደ። ጉሬዛ ነው፤ ነጭ ጭራውን በመስኮት አይቼዋለሁ።

"በጠበሉ ወጣ!" አሉ ቄሱ።

"አባቴ፣ እርስዎ እኮ ያን ጊዜ ሁለተኛውን ጠርሙስ እየከፈቱ ነበር! በጸሎት ነው የወጣው።"

"አንተ ልጅ፣ ጩኸት የሚፈራ ጋኔን አይተህ ታውቃለህ?"

ገሠሠ ከቄሱ ጋር ቆመ፣ ሩሐማ ከፓስተሩ ጋር። "በናንተ ከሆነ ገና አልወጣም" ተባባሉ። ገሠሠ ሲታክተው ወደ ወለላ ዞረ።

"አንቺ ሃያ ሁለት ዓመት ተኝተሽበታል። አትዋሺምም። እዚህ ቤት ሙት አይተሽ ታውቂያለሽ?"

ከቄሱ ኋላ ሆኜ፣ አዎ በዪ እያልኩ ጭንቅላቴን ነቀነቅሁላት። አንሶላ ላይ እንዳለ እድፍ አየችኝ።

"አላየሁም" አለች።

አለቀ። ገሠሠ ቁልፉን ሊቀበል እጁን ዘረጋ።

"እኔ አላየሁትም" አለች፣ ኩባያውን ከቄሱ እየተቀበለች። "እሱ እኔን ያየኝ እንደሆነ ግን አላውቅም።"

ሁላቸውም አልጋውን አዩ፣ ከዚያ ወንዙን፣ ከዚያ ከኋላቸው ያለውን ጥግ። ቄሱ ጃንጥላቸውን ፈለጉ። ፓስተሩ ሌላ ፕሮግራም ትዝ አለው። ገሠሠ የተዘረጋ እጁን ኪሱ ከተተና "ለጊዜው ስድስት ቁጥርን ቀለም እናስቀባው" አለ።

ሰኞ ጠዋት በረንዳው ላይ ቁርሴን እበላለሁ። ገሠሠ መጣ። ከወንዙ ወጥቶ ሰባት ቁጥር የገባ የእርጥብ እግር ዱካ አለ። እንዳይረግጠው ዞሮ አጠገቤ ቆመ።

"ጋሽ ተካ፣ ይኼ የማን እግር ነው?"

አፌን በፉል ሞላሁት።