ከጉርድ ፎቶው የጠፉት ዓይኖች

«እቴቴ፣ ይሄ ሁሉ ከለር ባለበት ዘመን አንቺ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ብቻ የምትወጂው ለምንድን ነው? ንገሪን እንጂ!» እያሉ ልጆቹ ያደርቁኛል። እንግዲህ ስሙ።

ያደግኩበት ቤት ግድግዳው በጋዜጣ የተለበጠ ነበር። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ጋደም ብዬ የማየው ሥዕሎቹን ነው። ክረምት ጭቃው ሲረጥብ ፊቶቹ ጠቁረው ይጠፋሉ፣ ሲደርቅ ተመልሰው ይመጣሉ። የሄደ ሰው ሁሉ እንደዚያ የሚመለስ ይመስለኝ ነበር።

ትልቁ ልጄ ለጦርነት ተወስዶ ቀረ። ደርግ ወደቀ፣ የሰው ልጅ አንድ ሁለት እያለ ገባ፤ የእኔ የለም። ከእሱ የቀረኝ አንድ ጉርድ ፎቶ ነው። በመሐረብ ቋጥሬ ደረቴ ውስጥ ሸጉጬው እዞራለሁ፣ በሄድኩበት አወጣና ፊቱን በአውራ ጣቴ እዳብሳለሁ። በኋላ የቦሌ ሚካኤል ጎረቤቶቼ፣ «በቃሽ፤ ፎቶውን አስተልቂና እርምሽን አውጪ» አሉኝ።

አትላስ ጋ ያለው ባለፎቶ ቤት፣ «እማማ፣ ጥቁርና ነጭማ ቀረ እኮ! ከለር እናድርግልዎት፣ ቀይ ከረባትም እናስርለታለን» አለኝ።

«ልድረው መሰለህ?» ብዬው ወጣሁ።

ስዞር ውዬ፣ ጉርድ ሾላ አሁንም ጥቁርና ነጭ በገዛ እጁ የሚያጥብ ሰው አገኘሁ። ፎቶውን ወደ መስኮቱ ወስዶ አየው።

«እናቴ፣ ዓይኖቹ ተፍቀዋል እኮ።»

«እኔው ነኝ፣ በጣቴ።»

«ግድ የለም፣ በእርሳስ እስላቸዋለሁ። ምን ዓይነት ነበሩ?»

ላስታውስ ሞከርኩ። የወለድኩት ልጅ ዓይን ጠፋኝ! ሰውዬው ወንበር ሳበልኝና፣ «እስክጨርስ እዚሁ ይቀመጡ» አለኝ።

ፎቶው ተሰቅሎ ተለቀሰ። ያየው ሁሉ «ራሱ ነው! ቁርጥ እሱን!» እያለ ያነባል። እኔም አመንኩ። ለቀስተኛው ተበትኖ ብቻዬን ስቀር ግን ዓይኖቹ ይከተሉኝ ጀመር። ወደ ጓዳ ስገባም ስወጣም እኔን ነው የሚያዩት፤ የሆነ ነገር የሚለምኑኝ ይመስለኛል። «ምን ላድርግልህ፣ ልጄ?» እለዋለሁ። ነጠላ ጣል አደርግበታለሁ፣ ደግሞ አላስችል ሲለኝ እገልጠዋለሁ። ዓመታት እንዲሁ ተያየን።

የጉርድ ሾላውን ሰውዬ ካረጀ በኋላ ታክሲ ስጠብቅ አገኘሁት። እነዚያን ዓይኖች ከየት አምጥቶ እንደሳላቸው ጠየቅኩት።

«ሌላ ምን ነበረኝ፣ እናቴ?» አለኝ። «የእርስዎን እያየሁ ነው የሳልኳቸው።»