ሁለታችንም ያልቀደምንበት ውድድር

ሰው ቶሎ እሺ ሲለኝ እፈራለሁ። እምቢ ካለኝ ምክንያቱን እጠይቃለሁ፤ እሺታ ግን እንቅልፍ ይነሳኛል።

በዚያ ዓመት እኔ ሞጣ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ፤ ባለቤቴና አራስ ልጄ ቢቸና። ልጄን የማያት በወር አንዴ ነበር፤ እሷም ባየችኝ ቁጥር እንደ ባዕድ ታለቅስብኛለች። መውጫው የእርስ በርስ ዝውውር ብቻ ነው። ቢቸና ሆኖ ሞጣን የሚፈልግ፣ የኔኑ ትምህርት የሚያስተምር ሰው መገኘት አለበት። ብዙ ፈልጌ በጥቅምት ተገኘ። ሰውየው በእሱ በኩል ፈርሞ ፎርሙን በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ላከልኝ፤ "እናቴ ሞጣ ብቻዋን ናት፤ ታማብኛለች፤ ሄጄ ላስታምማት" የሚል ብጣሽ ወረቀት አያይዟል።

መደሰት ሲገባኝ ጠረጠርኩ። ዝውውር የጠየቀ ሁሉ እናቱ ታማለች፤ በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ጤነኛ እናት የለችም። ደግሞስ ከቢቸና ምን ቢያባርረው ነው? የሥራ መደቡ ሊታጠፍ ቢሆንስ? ልክ ስደርስ ትርፍ ነህ ተብዬ ቆላ ብላክስ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ፎርሙን ሳልፈርም የኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ሰው ልኬም አስጠየቅሁ። "ደኅና ሰው ነው" የሚል መልስ መጣ። ደኅና ሰው ነው መባሉም አላማረኝም።

በታኅሣሥ መጀመሪያ የመምህራን ስፖርት ውድድር ቢቸና ላይ ተዘጋጀ። ከአዘጋጆቹ አንዱ እግር ኳሱ አልበቃ ብሎት መሰናክል ያለበት የዋና ውድድር አመጣ። እኔ ኮሌጅ ሳለሁ ጣና ዳር ዋና ለምጄ ስለነበር ሞጣን ወከልኩ። ቢቸናን የወከለው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያው ሰውዬ።

መንገድ ላይ ርእሰ መምህራችን "ካሸነፍክልን እስከ ጡረታህ አንለቅህም!" ብለው ሳቁ። መኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ እሳቸው ዋንጫ እንደሚወዱ አውቃለሁ።

ለዋናው የተመረጠው ወንዝ ሰፍቶ ከሚተኛበት ቦታ ስንደርስ ሣሩ ላይ ውርጩ ገና አልለቀቀም። ተወዳዳሪዎቹ ሦስት ነን፤ ሦስተኛው ከደብረ ወርቅ የመጣ ወፍራም የሒሳብ መምህር ነበር። መጀመሪያ ተንሳፋፊ የባሕር ዛፍ ግንድ መሻገር፣ ቀጥሎ በመረብ ኳስ መረብ ሥር መጥለቅ፣ በመጨረሻ በገመድ ቆሞ ግማሹ ውኃ ውስጥ በገባ የጭነት መኪና ጎማ መሹለክ። ጎማው የሚያሳልፈው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ፊሽካ ተነፋ። ቅዝቃዜው ደረቴን ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ። ግንዱን ተሻገርኩ፤ መረቡ ሥር ጠልቄ ስወጣ ሰውየው ጎማው ዘንድ ደርሷል። አልገባም። ጠርዙን በአንድ እጁ ይዞ ይጠብቀኛል።

"ቅደም" አለኝ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት! ዝውውሩን ሊተወው ፈልጎ እምቢ ማለት አፍሯል፤ እኔ እንዳሸንፍና አለቃዬ እንዳይለቁኝ ነው ብዬ ደመደምኩ።

"የለም፤ ቀድመህ የደረስከው አንተ ነህ፤ ግባ!"

"ኧረ በሞቴ!"

"እኔ አፈር ስሆን፣ አንተ ቅደም!"

ሠርግ ቤት በር ላይ እንደተገናኙ እንግዶች አንገታችን ድረስ ውኃ ውስጥ ቆመን ተግደረደርን። ዳር የቆመው ሕዝብ መጀመሪያ ጮኸ፤ ከዚያ ሳቀ። የደብረ ወርቁ መምህር እያለከለከ ደርሶ "ይቅርታ ጌቶቼ" አለና በመካከላችን ሾልኮ ዋንጫውን ወሰደ።

ጋቢ ደርበውልን እሳት ዳር ሲያስቀምጡን ለምን እንደቆመ ጠየቅሁት።

"ባሸንፍ አለቃዬ አይለቁኝም። እኔ ያሰብኩት ስለ እናቴ ብቻ ነው" አለኝ። ቆይቶ ደግሞ ቀስ ብሎ "ፎርሙ ጠፋብህ እንዴ?" አለ።

አፈርኩ። ኮቴን አስመጥቼ ፎርሙን ከኪሱ አወጣሁና እዚያው ፈረምኩ። ሁለቱ ርእሰ መምህራን በሽንፈቱ ተናደው ስለነበር ያለ ምንም ክርክር ለቀቁን። ሁለት ሳምንት እንኳ አልፈጀም።

ከሞጣ ከመውጣቴ በፊት እናቱን ልጠይቅ ሄድኩ። አሮጊቷ አልጋ ላይ ተቀምጠው እሱ አጥሚት በማንኪያ ይሰጣቸዋል። እሳቸው ግን የእጁን ማንኪያ እንጂ ፊቱን አያዩም። "ጌታዬ፣ የማን ልጅ ነዎት?" አሉት። "የእርስዎ ነኝ" አለ። አንገታቸውን ነቀነቁ፤ አላመኑትም።

ስወጣ አንዲት ጎረቤታቸው እስከ ደጅ ሸኘችኝ። "ቢታመሙም እስከ ኅዳር ጽዮን ድረስ ሰው በደንብ ያውቁ ነበር እኮ። አውቶቡስ በጮኸ ቁጥር 'ልጄ መጣ ወይ?' ይሉን ነበር" አለችኝ።

ፎርሙ እጄ የገባው በጥቅምት ነው። በጊዜው ፈርሜ ቢሆን ኖሮ እናቱ እያወቁት ይደርስ ነበር። እሱ እስካሁን አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ቀኑን አልቆጠረውም ይሆናል እያልኩ ራሴን ላጽናና እሞክራለሁ፤ ግን ቆጥሮታል።