በእናቴ ቁመት የተቆረጠው ግንድ

አንድ ነሐሴ ከዓለም ከተማ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ወንጪት ድልድይ ላይ ሲደርስ ሾፌሩ ቆም አደረገው። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ተሳፋሪው ሊያየው ተንጋግቶ ወረደ። በተከፈተው በር የጭቃ፣ የረጠበ ሳርና የዓሣ ሽታ ገባ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ግን አንገቴን በመስኮቱ አውጥቼ ሽታውን እስኪበቃኝ ሳብኩት። አያ ጥሩነህ እንዲህ ነበር የሚሸቱት። ደጃችን ሳይደርሱ ሽታቸው ቀድሟቸው ይገባ ነበር፤ እናቴም «ዓሣው መጣ፣ ሰውየውም ይከተላል» ትል ነበር።

መንደራችን ከገደሉ ሥር፣ ከወንጪት ዳር ነበረች። አያ ጥሩነህ የመንደሩ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ገመዳቸውን ከፈረስ ጭራ ይገምዳሉ፣ መንጠቆውን ከተሰበረ የጃንጥላ ሽቦ ያሾላሉ። ፂማም አምባዛ በትከሻቸው አንጠልጥለው ሲመጡ እኛ ልጆች እንሸሽ ነበር። ዓሣቸውን የሚበላላቸው ሰው ግን ጥቂት ነው። መንደሩ የሚፈልጋቸው ወንዙን ስለሚጠብቁ ነበር።

በመሻገሪያው አጠገብ፣ ከአለት ስንጥቅ ውስጥ የተተከለ የወይራ ግንድ ነበር። ከታች ወደ ላይ አራት ምልክት ተቆርጦበታል፤ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ወገብ፣ ደረት ይባላሉ። ውሃው ወገብን ከነካ ማንም አይሻገርም። ልኩ የሚወሰደው ደግሞ ከመንደሩ አጭር ሰው ነው። እናቴ ወደዚያ መንደር ስታገባ ከሁሉም አጭር ሆና ተገኘች። አያ ጥሩነህ ገና በሙሽርነቷ ወራት ከግንዱ ጎን አቁመው፣ ምልክቱን ሁሉ በእሷ ልክ ዝቅ አድርገው ቆረጡት። ረጃጅሞቹ ወንዶች «በዚህች ሴት ምክንያት የማዶው ገበያ ሊቀርብን ነው» ብለው አጉረመረሙ። «ረጅም ሰውማ ራሱን ይጠብቅ» አሏቸው አያ ጥሩነህ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከጎጇቸው ወጥተው «ጉልበት ነው!» ብለው ሲጮሁ፣ መንደሩ ሁሉ የማን ጉልበት እንደሆነ ያውቅ ነበር።

ግንዱን ብቻ አያዩም። መንጠቆ ጥለው ዓሣ እስኪነክስ ድረስ ውሃውን ሲመረምሩ ይውላሉ። አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለ አንድ ቀጭን ሳር ከውሃው ላይ አንስተው አሳዩኝ።

«አየሽው አንቺ ልጅ? ጓሳ ነው። እኛ ቆላ አይበቅልም፣ የመንዝ ነው። ይህን ውሃው ላይ ካየሽ፣ ዓሣውም ወደ ዳር ከሸሸ፣ እዚህ ፀሐይ ቢሆንም መንዝ ላይ ዘንቧል ማለት ነው። ደራሹ ጎርፍ ከኋላው እየመጣ ነው።»

መሬት አልነበራቸውም። ስለዚህ መኸር ሲገባ ከየቤቱ አንድ አንድ ቁና እህል ይወጣላቸዋል። የወንዝ ቁና ይባል ነበር። እኔ በልጅነቴ የወንዝ ቁና የማያወጣ አገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ጣሊያን ሲገባ በማዶ ካምፕ ሠራ። በበጋው አንድ መኮንን ወደ እኛ ተሻግሮ፣ ቀይና ነጭ የተቀባ፣ ቁጥር የተጻፈበት የብረት ዘንግ ከወይራው ግንድ አጠገብ አስተከለና አንድ ወታደር አቆመበት። አስተርጓሚው ሰውን ሰብስቦ ነገረን። ከእንግዲህ ወንዙን የሚለካው መንግሥት ነው። እህል በአንድ ቦታ መሰብሰብ ለሽፍታ ስንቅ ማቀበል ስለሆነ፣ የወንዝ ቁና ያወጣ ሰው ቤቱ ይቃጠላል። ሽፍታ የሚሏቸው አርበኞቹን ነው። አባቴም ከእነሱ ጋር ዱር ገብቶ ነበር።

በማግስቱ አያ ጥሩነህ ደጃችን ላይ ቆሙ። ሳያቸው ያረጁ መሰሉኝ።

«እንግዲህ ደጋ ወጥቼ የሰው ከብት ልጠብቅ። ዓሣ ብቻውን አያኖረኝም» አሏት ለእናቴ።

እናቴ እርጉዝ ነበረች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ተነሳች። «እኔንስ በክረምት ማን ያሻግረኛል? እዚያ ብረት ላይ እኔ የለሁበት! የትም አይሄዱም።»

ያን ሳምንት እናቴ ጎረቤቶቿን አንድ በአንድ አነጋገረች። ሴቶቹ ወደ ወንዝ የሚወርዱት ባዶ እንስራ አዝለው ነው፤ ባዶ እንስራ ደግሞ ማንም አይፈትሽም። ከየእንስራው ሥር አንዳንድ እፍኝ ጤፍ ወይም ማሽላ ይቀመጣል። በአያ ጥሩነህ ጎጆ በኩል ሲያልፉ ይገለብጡትና ውሃቸውን ቀድተው ይመለሳሉ። አንድ ቀን በብረቱ ላይ የቆመው ወታደር እናቴን አስቆማት። ለጣሊያን ያደረ ያገራችን ሰው ነበር፣ አማርኛ ያውቃል።

«እናት፣ ውሃ አጠጪኝ።»

እፍኟ እንስራው ውስጥ ነበረች። እኔ ቀሚሷን ይዤ ቆምኩ።

«ሳልቀዳ ምን ላጠጣህ? ስመለስ ትጠጣለህ» ብላው አለፈች። ስትመለስ ግን በሌላ መንገድ ወጣች።

በጋው እንዲህ አለፈ፣ አያ ጥሩነህም ከወንዙ አልተነሱም። ነሐሴ ላይ እናቴ ወንድ ልጅ ወለደች። ከወለደች ሳምንት ሳይሞላት አርበኞች በመንደራችን አለፉ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወታደሮቹ በቅሎዎች ጭነው በማዶ ተሰለፉ። አርበኞቹን አሳልፋችኋል ብለው ሊያቃጥሉን እንደመጡ ሁሉም ገባው። ሰዉ ከብቱን እየነዳ ወደ ገደሉ መንገድ ሮጠ። አራስ እናቴ ያን ገደል መውጣት አትችልም። ሴቶቹ ቃሬዛ ሲያበጁ አያ ጥሩነህ ውሃ እያንጠባጠቡ ገቡ። አንድ ነዶ የሚያህል እርጥብ ጓሳ ይዘው ነበር። ጭኗ ላይ አኖሩላት።

«ተኚ። ዛሬ አይሻገሩም» አሏት።

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ቤት ውስጥ የነበሩት ሁሉ እናቴን አዩ። እሷ ሳሩን አገላብጣ አየችው፤ ከዚያም ተመልሳ ጋደም አለች።

«በሉ እንግዲህ ገንፎዬን አቅርቡልኝ!»

እኔ ወጥቼ ከቤታችን በላይ ካለው ጉብታ ላይ ቆምኩ። አያ ጥሩነህ ብቻቸውን ወደ ግንዱ ወረዱ። ከማዶ አስተርጓሚው ጮኸ።

«ውሃው የት ደርሷል?»

«ጉልበት ነው! ግን ደራሽ እየመጣ ነው፣ አትግቡ!»

መኮንኑ በመነጽሩ ብረቱን አየና ሳቀ። ሳቁ እኔ ድረስ ተሰማኝ። በቅሎዎቹ ከነጭነታቸው ገቡ፣ ወታደሮቹም ተከተሉ። መጀመሪያ የመጣው ድምፁ ነው፤ ትልልቅ ድንጋይ ሲጋጭ ይሰማ ነበር። ከዚያ ውሃው እንደ ግድግዳ ቆሞ፣ ዛፍ ተሸክሞ በመታጠፊያው ብቅ አለ። ወታደሮቹ ጭነቱን እየጣሉ ወደመጡበት እየተንደፋደፉ ተመለሱ። በቅሎና ሣጥን ተያይዞ ሄደ። ከፊት የነበረ አንድ ወታደር መመለስ አቅቶት ሲንከባለል፣ አያ ጥሩነህ ወፍራሙን የአምባዛ ገመዳቸውን ወርውረው ጎተቱት። ያ ውሃ የጠየቀው ሰውዬ ነበር።

ቀይና ነጩ ዘንግ አንዴ ጎንበስ አለና ጠፋ። የወይራው ግንድ ግን ነቅነቅም አላለ። አያ ጥሩነህ ወደ መንደሩ ዞረው እጃቸውን ዘረጉና ጮሁ፦

«ደረት! ደረት አልፏል!»

ደረት ሲባል ሰው ሲፈነድቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከገደሉ ላይ እልልታው ወረደ፣ ከቤታችንም የእናቴ እልልታ መለሰለት። አራስ መሆኗን እንኳ ረስታ ነበር።

ወታደሩን ሊያሞቁት ቤታችን አስገቡት። እየተንቀጠቀጠ ወንዙን ሲያስመልስ እናቴ ከአልጋዋ ላይ ሆና አየችው።

«ውሃ ጠይቀኸኝ አልነበር? ጠጣህ አይደል?»

ሰውዬው እያለቀሰ ሳቀ። ወደ ካምፑም አልተመለሰም። ወንጪት ከዚያ በኋላ እስከ መስከረም አልጎደለም፣ በጎደለ ጊዜም ካምፑ ተነስቶ ነበር። በዚያ ዓመት መኸር የወንዝ ቁና በጠራራ ፀሐይ፣ በራስ ላይ ተደርጎ ወረደ። ብዙዎቹ ቁናውን ጢም አድርገው ሰፍረው ነበር።

አያ ጥሩነህ ያረፉት አገር ሰላም ከሆነ ከዓመታት በኋላ፣ በአንድ በጋ ነው። ጎጇቸው ተዘግታ ከረመች፤ ወንዙን የሚናገር ስለጠፋም ያን ክረምት ገበያ የሄደ የለም። መኸር ሲገባ ማንም ማንንም ሳይጠራ ሰዉ ሁሉ ቁናውን ይዞ ወረደና በተዘጋው በር ላይ ከመረው። እህሉ ተቀምጧል፣ የሚወስደው የለም። እናቴ ከሰዉ መሐል ወጣች፤ አሁንም ከሁሉም አጭር ነበረች። የራሷን ቁና አኖረች፣ በሩን ከፈተች፣ ከግድግዳው ላይ የፈረስ ጭራ ገመዳቸውን አወረደች።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጓሳ ለመፈለግ ወደ ውሃው ስትወርድ የእግሯን ኮቴ ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ድምፅዋ ከወንዙ መጣ።

«ጉልበት ነው! ገበያ ሂዱ!»